ደኑ ከተቆጠረ ጠባቂውም ይቆጠር፦ ለኮፕ 32 አዘጋጆችና ተደራዳሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ ደን ልማት፣ እንዲሁም በ2027 አዲስ አበባ ላይ በኢትዮጵያ ስም ለድርድር ለምትቀመጡ ሁሉ

እንደምን ሰነበታችሁ?

32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመጣ ብራዚል፣ ቤሌም ላይ ከተነገረ ወዲህ በየደረስኩበት የምሰማው ስለ ሆቴል አልጋ፣ ስለ መንገድና ስለ እንግዳ አቀባበል ነው። አያስከፋም። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። እኔ ግን የምጽፍላችሁ አዳራሹ ውስጥ ስለሚባለው ነው፤ በተለይ ስለ መሬት። (ዓመቶቹን የጻፍኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ስምምነቶቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ።)

ስለ አየር ንብረት ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያስበው የፋብሪካ ጭስና የመኪና ጭስ ነው። በ2019 የወጣው የአይፒሲሲ (በተባበሩት መንግሥታት ስር ያለው የአየር ንብረት ሳይንስ ቡድን) የመሬት ሪፖርት ግን ከ2007 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ሰው ወደ ሰማይ ከለቀቀው በካይ ጋዝ 23 በመቶ ያህሉ ከእርሻ፣ ከደንና ከሌላ የመሬት አጠቃቀም የመጣ ነው ይላል። የእኛ አገር ሂሳብ ደግሞ ከዚህም በላይ ወደ መሬት ያደላል። ፋብሪካችን ጥቂት ነው። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ነው። የምንለቀው ጋዝ በብዛት የሚመጣው ከከብቱ፣ ከማሳውና ከሚመነጠረው ደን ነው።

ስለዚህም በ2021 ለዓለም ያቀረብነው ዕቅድ የቆመው መሬት ላይ ነው። በ2030 ሊኖረን ይችላል ከተባለው ልቀት 68.8 በመቶ እንቀንሳለን ብለናል። ከዚህ ውስጥ 14 በመቶው በራሳችን አቅም፣ 54.8 በመቶው ደግሞ ከውጭ ድጋፍ ከመጣ ነው። ትልቁ ድርሻ የሚጠበቀው ከደንና ከመሬት አጠቃቀም ነው። በአጭሩ፣ የኢትዮጵያን ቃል እንዲጠብቅ ኃላፊነት የወደቀበት ሰው አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ አይገኝም። ኮረብታ ስር ነው ያለው። ፍየሉን ከተከለለ ቦታ የሚመልሰው እሱ ነው።

የምለምናችሁ ነገር ከዚህ ይነሳል። መሬት በድርድሩ ላይ በተነሳ ቁጥር መሬቱን የያዘው ሰው አብሮ ይነሳ። ድርሻውም፣ የሚሸከመው ዕዳም፣ እምቢ የማለት መብቱም በጽሑፍ ይስፈር።

እስካሁን እንዲህ አልነበረም። ታሪኩን እናንተ ታውቁታላችሁ። አንባቢ ግን ይስማው።

1997 ኪዮቶ ላይ ሀብታም አገሮች ልቀታቸውን በቁጥር ለመገደብ ሲስማሙ አውስትራሊያ ስምምነቱ ውስጥ አንዲት ዐረፍተ ነገር አስገባች። ይዘቷ ይህ ነው፦ በ1990 የመሬት አጠቃቀሙ ጋዝ ይለቅ የነበረ አገር ያንን ልቀት ገደቡ የሚለካበት መነሻ ላይ መደመር ይችላል። አውስትራሊያ በ1990 ብዙ ደን ትመነጥር ነበር። በኋላ ምንጠራው ቀነሰ። ስለዚህ መነሻው ከፍ ብሎ ተጻፈ፤ ከመብራትና ከመኪና የሚወጣው ጭስ እየጨመረም ሂሳቡ ገጠመላት። ያውም የተፈቀደላት ከ1990ው 8 በመቶ ጨምራ እንድትለቅ ነው። ጉድ ነው መቼም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዘ ሄግ ላይ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ካናዳና አውስትራሊያ «ደናችን በየዓመቱ እያደገ ካርበን ስለሚስብ ይቆጠርልን» አሉ። አውሮፓ እምቢ አለ። ጉባኤው ፈረሰ። በ2001 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ከኪዮቶ ጨርሳ ወጣች። ያኔ ስምምነቱን ለማትረፍ ሩሲያ፣ ጃፓንና ካናዳ እንዲያጸድቁት ማባበል ተጀመረ። ዋጋው የተከፈለው ደግሞ በደን ነው። ሐምሌ ላይ ቦን ከተማ ለሩሲያ ከደኗ በዓመት 17.63 ሚሊዮን ቶን ካርበን እንዲቆጠርላት ተፈቀደ። አልበቃትም። ኅዳር ላይ ማራካሽ ስትደርስ 33 ሚሊዮን ሆነላት። የሩሲያ ደን በአራት ወር ውስጥ እጥፍ አልበቀለም። እጥፍ የሆነው የማጽደቋ ዋጋ ነው።

እዚያው ማራካሽ ላይ ለእኛስ ምን ተሰጠ? እንደ ኢትዮጵያ ያለ አገር ለካርበን ገበያው፣ ማለትም ሀብታም አገር ልቀቱን ለማካካስ ከሌላው ለሚገዛበት ገበያ፣ ከመሬቱ ማቅረብ የሚችለው አዲስ ዛፍ ተክሎ ወይም የጠፋ ደን መልሶ የሳበውን ካርበን ብቻ ሆነ። ያለውን ደን መጠበቅ አይቆጠርም። አፈርን ማዳንም አይቆጠርም። ገዢዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ዓይነቱ ክሬዲት (ለተሳበ ካርበን ከሚሰጠው የሚሸጥ ማረጋገጫ) በዓመት ከመነሻ ልቀታቸው 1 በመቶ የሚሆነውን ብቻ እንዲጠቀሙ ተወሰነ። በ2005 የጀመረው የአውሮፓ የካርበን ገበያ ደግሞ የደን ክሬዲት ጭራሽ አልቀበልም አለ። ለእነሱ ቅናሽ፣ ለእኛ ኮታ።

ለፍትሕ ያህል፣ የአውሮፓውያኑ ስጋት ባዶ አልነበረም። ዛፍ ይቃጠላል፣ ይቆረጣል፣ ይታመማል። ያልተቆፈረ የድንጋይ ከሰል ግን ባለበት ይተኛል። ሁለቱን እኩል አድርጎ መመንዘር አደገኛ ነው፤ ይህን እኔም አምናለሁ። ያስከፋኝ ስጋቱ የድሃ ደን ላይ ሲሆን መጥበቁ፣ የሀብታም ደን ላይ ሲሆን መላላቱ ነው።

ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ያለፈ አንድ የኛ ኮረብታ አለ። ወላይታ፣ ሁምቦ። 2,728 ሄክታር ነው፤ ለከሰልና ለማገዶ ሲቆረጥ፣ ከብት ሲግጠው ኖሮ የተራቆተ ቦታ። ሥራው ብዙ ችግኝ የሚፈልግ አልነበረም። መሬት ውስጥ ገና ያልሞቱ ጉቶዎች ነበሩ። ቦታው ሲከለል ጉቶው ያቆጠቁጣል። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። ገበሬው ጠንካሮቹን ይመርጣል፣ የቀሩትን ይገርዛል፤ የተገረዘው ለማገዶ ይሆናል፣ ሳሩ ይታጨዳል። አብዛኛው ደን የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ቦታውን የመጠቀም መብት በስማቸው ተሰጣቸው። በ2009 ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት መዝገብ ገባ።

አሁን ገንዘቡን እንቁጠር። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ይስባል ተብሎ ተሰላ። የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ ከዚያ ላይ 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ክፍያው ቢያንስ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ700,000 ዶላር በላይ ነው። ለቶን አራት ዶላር ከምናምን ማለት ነው። አሥሩን ዓመት በሄክታር ስናካፍለው በዓመት 26 ዶላር ገደማ ይመጣል። በ2012 የመጀመሪያዎቹ 73,339 ክሬዲቶች ወጡ። እነሱም ቢሆኑ ጊዜያዊ የሚባሉት ናቸው፤ ዘመናቸው ሲያልፍ ገዢው በሌላ መተካት አለበት። ዕቃው የሚያልፍበት ሆኖ ሳለ ማን ደህና ዋጋ ይሰጣል?

ሁምቦን የማነሳው ለማናናቅ አይደለም። ኮረብታው አረንጓዴ ሆኗል፤ ማኅበራቱም የገንዘቡን ጥቅም አይተዋል። ግን ዓለም አቀፉ ሥርዓት አንድ ሙሉ ወረዳ የሚያስደንቅ ሥራ ሠርቶ ሲያቀርብለት የሰጠው ዋጋ ይኸው ነው።

ሌላው ምሳሌዬ ምንም ስምምነት ያልነካው ነው። አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ። አፈሩ አሲዳማ ነው፤ እህል እንደ ድሮው አልሰጥ ብሎ ነበር። ገበሬው ማንም ሳይደጉመው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ማሳው ላይ ተከለ። የመጀመሪያውን ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያበቅላል። በሚቀጥለው ዓመት ዛፉ ስር የሚበቅለውን ሣር አጭዶ ይሸጣል። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆርጠዋል፣ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስለዋል፣ ጆንያው ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ መሬቱ ይታረሳል፣ ጤፍ ይዘራል፣ ችግኝ ይተከላል። ቡና ስታፈሉ ምድጃችሁ ላይ ያለው ከሰል ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። በሳተላይት ሲታይ ወረዳው ውስጥ በዛፍ የተሸፈነው መሬት በግልጽ ጨምሯል።

በዚህ ማሳ ላይ የስምምነቱን ሕግ እንሞክረው። ይህ መሬት ደን ነው ወይስ እርሻ? የሂሳብ አሠራሩ መሬትን በስድስት ይከፍላል፤ ደን፣ እርሻ፣ ሣር፣ ረግረግ፣ መኖሪያ፣ ሌላ። የፋግታው ማሳ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስቱን ሆኖ ያልፋል። ሲቆረጥ «ደን ተመነጠረ» ይባል? ሲተከል «ደን ለማ» ይባል? ማሳው ከግማሽ ሄክታር ካነሰስ ከነጭራሹ አይታይም?

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ከ2020 ወዲህ ዲከረንሱን የዋግ ዓይነት ፈንገስ መታው። ዛፉ ማሳው ላይ ቆሞ ደረቀ። ገበሬው ትልቅ ኪሳራ ላይ ወደቀ። እስቲ ይህ ገበሬ ለ30 ዓመት የካርበን ውል ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ብላችሁ አስቡት። በሽታው ሲመጣ የሳበው ካርበን ወደ ሰማይ ይመለሳል። ዕዳው የማን ነው? የገዢው? የአስማሚው ኩባንያ? የመንግሥት? ወይስ ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ ዛፍ የተከለው ሰው? ገበያው ላይ «መጠባበቂያ ቋት» የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ከየፕሮጀክቱ ጥቂት ክሬዲት ተቀንሶ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የሚቀነሰው ከማን ድርሻ ነው? መልሱን በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ፈራሚው በሚያነበው ቋንቋ አስቀምጡልን።

ስለ ደን ትርጉም ሁለት ቃል ልበል። በ2015 ኢትዮጵያ ትርጉሟን ቀየረች፦ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ 2 ሜትር ቁመት፣ 20 በመቶ የጥላ ሽፋን። በዚህ መለኪያ የደን ሽፋናችን 15.5 በመቶ ሆነ። የቆላው ደረቅ ደን እንዲካተት ስለረዳ እኔ እደግፈዋለሁ። ግን ሌላው ዓለም በዚህ አይለካም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት 5 ሜትርና 10 በመቶ ይላል። የአውሮፓ ኅብረት ከደን ምንጠራ ጋር የተያያዘ ቡና ላለመግዛት ያወጣው ሕግም የሚከተለው የዚህን ድርጅት መለኪያ ነው። ያ ሕግ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ ቦታ የመጣ ቡና አይግባ ይላል፤ የእያንዳንዱን ማሳ ጂፒኤስ ይጠይቃል፤ ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ከፋ ውስጥ በትልልቅ ዛፍ ጥላ ስር ያለ የደን ቡና ያላት እናት መሬቷ ለአንዱ መዝገብ ደን፣ ለሌላው እርሻ ሊሆን ይችላል። እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው የቆመችው። ጉባኤውን ስትመሩ ይህን የመለኪያ ዝብርቅርቅ ማንሳት የእናንተ ድርሻ ነው፤ ከቡና አገር ሌላ ማን ያነሳዋል?

ከብቱን በአጭሩ ልለፈው። በአፍሪካ ትልቁ የከብት ሀብት የእኛ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው «ቀንሱ» ማለቱ አይቀርም። በሬ ላይ ቃል ከመግባታችሁ በፊት አራሹንና አርብቶ አደሩን ጠይቁ። በቃ።

አሁን ወደ ፓሪስ ስምምነት። በ2015 ፓሪስ ላይ በዚህ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የሚለቀቀውና የሚሳበው ጋዝ ይመጣጠን ተባለ። ጥሩ ዓላማ ነው። ግን ያቺ ቃል በዓለም ላይ የመሬት ጥም ፈጠረች። በ2022 የወጣው የላንድ ጋፕ ሪፖርት አገሮች የገቡትን ቃል ሁሉ ደምሮ ወደ 1.2 ቢሊዮን ሄክታር መሬት ይጠይቃል ብሏል። የኢትዮጵያን አሥራ አንድ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። የት ነው ይህ ሁሉ ባዶ መሬት ያለው? ላይቤሪያ ውስጥ በ2023 ዱባይ ያለ አንድ ኩባንያ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ፣ የአገሪቱን የቆዳ ስፋት 10 በመቶ ያህል የሚሆን ደን፣ ለካርበን ሊይዝ ሲደራደር እንደነበር አይተናል። እዚያ ደን ውስጥ ሰው ይኖራል።

የገበያው ሕግ፣ አንቀጽ 6 የሚባለው፣ በ2024 ባኩ ላይ ተቋጨ። ከእሱ ውስጥ ለእኛ ወሳኙ አንድ ነጥብ ነው። ለሌላ አገር የሸጥነውን ካርበን ለራሳችን ቃል ልንቆጥረው አንችልም። አንድ በሬ ለሁለት ገዢ አይሸጥም። 68.8 በመቶ የሚለው ቃላችን ላይ ደግሞ ትልቁ ተስፋ ደን ነው። ርካሹን ደን ሸጠን ከጨረስን ለራሳችን ቃል የሚቀረን ውዱ ሥራ ነው። በ2023 የዓለም ባንክ ለኦሮሚያ ደን 4 ሚሊዮን ቶን 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተፈራርሟል፤ በቶን 10 ዶላር። ከሁምቦ ይሻላል። ግን ወደፊት የሚመጡትን ውሎች በሙሉ ሕዝብ ሊያያቸው ይገባል፦ የትኛው ቶን ለሽያጭ፣ የትኛው ለራሳችን እንደሆነ በግልጽ ዝርዝር።

ቤሌም ላይ ይፋ የሆነው የሞቃታማ ደኖች ፈንድ ለቆመ ደን በዓመት በሄክታር 4 ዶላር ገደማ ለመክፈል ያለመ ነው። ብሩ ትንሽ ነው። ከሱ የወደድኩት ሌላ ነገር ነው። ከሚከፈለው ቢያንስ 20 በመቶው ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሄድ ደንቡ ራሱ ያስገድዳል። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ላይ ልትከራከሩበት የምትችሉት መነሻ ይህ ነው። ከ20 በላይ ጠይቁ።

ያው ጉባኤ ደግሞ የደን ምንጠራን ለማቆም ፍኖተ ካርታ ይውጣ የሚለውን ጥያቄ በመጨረሻው ውሳኔ ውስጥ ሳያካትት ተበትኗል። የተተወው ሥራ እናንተ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። ያኔ «እኛም ቤት ምን አለ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እኛ ራሳችን ባቀረብነው ሰነድ መሠረት ከ2000 እስከ 2013 በየዓመቱ 92,000 ሄክታር ደን እናጣ ነበር፤ የምናተርፈው 19,000 ነበር። በ2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልን ተብሎ ዓለም ጉድ ብሏል። የተተከለውን ሰምተናል። የጸደቀውን ደግሞ በወረዳ፣ በዝርያ፣ በዓመት ለይታችሁ አውጡት። ቁጥሩ ደስ ባይልም አውጡት። ጠረጴዛው ላይ «መረጃችሁ አይታመንም» የሚለንን ሰው አፍ የሚያስይዘው እሱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የ2018ቱ የደን አዋጅ ደግሞ ማኅበረሰብ የደን ባለቤት መሆን እንደሚችል አውቋል። በሁለቱ መካከል ዛፉ ውስጥ ያለው ካርበን የማን ነው? የባለይዞታው ነው ከተባለ ድርሻው በመቶኛ ይጻፍ። የጋራ ነው ከተባለም ማን ስንት እንደሚወስድ ይጻፍ። ያልተጻፈ ድርሻ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

በድርድሩም ላይ ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ደናችን የማንም ከሰልና ነዳጅ መቀጠያ ፈቃድ አይሁን፤ የድንጋይ ከሰሉ ቅነሳ ለብቻው፣ የደኑ ሥራ ለብቻው ይቆጠር። ዛፍ በበሽታ፣ በድርቅ ወይም በእሳት ሲጠፋ ደግሞ ዕዳው ወደ ገበሬው እንዳይወርድ በስምምነቱ ቃል ይከልከል። ኪሳራውን የሚሸከም ዓለም አቀፍ ቋት ይቋቋም፤ የሚሞላውም በገዢዎች ክፍያ ይሁን።

በመጨረሻ፣ የድርድር አቋማችሁን ረቂቅ ከጉባኤው ቢያንስ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ፣ ደን ባለባቸው አካባቢዎች ቋንቋዎችም ጭምር አውጡ። ሬዲዮ ላይ ይነበብ። ሁምቦ ያሉት ማኅበራት፣ የፋግታ ከሰል አክሳዮች፣ የከፋ ቡና ለቃሚዎች አስተያየት የሚሰጡበት ቀንና ቦታ ይቆረጥ። ከመካከላቸውም የተወሰኑት በልዑካን ቡድኑ ውስጥ፣ ከእናንተው ጎን ይቀመጡ። ለታዛቢነት ሳይሆን ለመናገር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ